ነገረ ቀለም በአገር ቤትና በባሕር ማዶ

ከአገሩ ወጥቶ በባሕር ማዶ ቤት የመሠረተ ኢትዮጵያዊ፥ ኑሮው እየተደላደለ በሄደ መጠን ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ አንዲት አነስተኛ ፕሪንተር ማኖሩ የተለመደ ሆኗል፤ የልጆቹን የፊደል ገበታ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የመዝሙር ወረቀት፥ የዕድሩን ማስታወቂያ፥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚገባውን ማመልከቻ፥ ከዚህም ዓለም በሞት የተለየ ወዳጅ ቢኖር በጸሎተ ፍትሐቱ ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሳይቀር የሚያወጣው ከእርስዋ ነውና። መሣሪያይቱን መግዛት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ቀለምዋ ባለቀ ቁጥር ግን የመሣሪያይቱን ሠሪ ካርትሪጅ በውድ ዋጋ መግዛት ይሻላል ወይስ ሌላ ሰው የሠራውን ወይም አድሶ የሞላውን በርካሽ መግዛት የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ይህንንም ጥያቄ በአዲስ አበባ የሚኖረው ወንድማችንና በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖረው እኛ የምንመልስበት መንገድ እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ልማዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በአገር ቤት ማተም በአብዛኛው የሰፈር ተግባር ነው። በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ፥ በየዩኒቨርሲቲው በር፥ በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፥ ጽሕፈት፥ ኮፒና ፕሪንት የሚል ሰሌዳ የሰቀለች ጠባብ ክፍል አትታጣም፤ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ፥ ባለጉዳዩ አቤቱታውን በቃሉ እየነገረ ወደዚያች ክፍል ይገባል፥ በገጽ ሒሳቡን ከፍሎም ይወጣል። ከዚህም የተነሣ የቀለምን ጭንቀት የሚሸከመው ባለ ሱቁ ነው። ባለ ሱቁም የባዶውን ካርትሪጅ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ ወደ ቆሻሻ አይጥለውም፤ ቀለም ሞይ ወዳለበት ይልከዋል፥ ሞይውም ቀለሙን በመርፌ እየለካ ያስገባል፥ የፈሰሰውን ይጠርጋል፥ በሞያው ቋንቋ ‹ሄድ› የሚሉትን ቀለም የሚረጨውን ክፍል ያጸዳል፥ በመጨረሻም አንድ ገጽ አትሞ በብርሃን ላይ ዘርግቶ ያሳያል። ያ ሥራ በሦስተኛው ቀን ፈዝዞ ወይም ነጭ መስመር አውጥቶ ቢገኝ፥ ባለ ሱቁ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ወደዚያው ሰው ይመለስና ‹ወንድሜ፥ እስቲ ይህን እይልኝ› ይለዋል፤ ወንድሙም ያየዋል።

እንግዲህ በአዲስ አበባ የሚጠየቀው ካርትሪጁን የሠራው ማን እንደ ሆነ ሳይሆን የሞላው ማን እንደ ሆነ ነው። በመርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ‹ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ሻጩ የሚሰጠውን መልስ የሚያምነው የማሸጊያውን ጽሕፈት አይቶ ሳይሆን ሻጩን ከዚህ በፊት ስለሚያውቀው፥ ወይም የሚያውቀው ሰው ስለ መራው ነው። ይህ ልማድ ከድህነት ብቻ የተወለደ የሚመስለው ሰው ቢኖር አሳቡን እንዲያሰፋ እለምነዋለሁ። የውጭ ምንዛሪ እጥረት፥ ከዚያም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመጣው የዋጋ ንረት፥ የሠሪውን ካርትሪጅ ከብዙ ሰው አቅም በላይ እንዳደረገው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተሰበረን ዕቃ ባዶ ስለ ሆነ ብቻ አለመጣል፥ የእጅ ባለሙያን ማክበር፥ የሥራውንም ጉድለት ፊት ለፊት መነጋገር፥ ከችግሩ በፊት የነበሩና ከችግሩም በኋላ ሊኖሩ የሚገባቸው ጠባዮች ናቸው።

የአገር ቤቱ ልማድ ግን ነውር የሌለበት አይደለም። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ፥ ለሁሉም ማሽን ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ቀለም፥ የትናንቱ ቅሪት ሳይታጠብ በላዩ የሚጨመር ሌላ ዓይነት ቀለም፥ ብዙ መሣሪያዎችን ያለ ዕድሜያቸው ገድሏል። ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ የቀለም ወገኖች አሉ፤ አንደኛው እንደ ስኳር በውኃ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ሲሆን፥ ሁለተኛው ግን ሳይሟሟ በውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ እጅግ የላመ ዱቄት ነው። ሁለቱ በአንድ ቋት በተገናኙ ጊዜ ዱቄቱ ሊቋጠርና ከጠጉር የቀጠኑትን ቀዳዳዎች ሊደፍን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞይው ያጥባል፥ ያጥባል፥ አንዳንዴም ይሳካለታል።

በባሕር ማዶ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ፕሪንተር በብዙ ቤት ይገኛል፤ ቀለም የሚሞላ ሰው ግን በሰፈሩ እምብዛም አይገኝም። ገዢው ብቻውን በኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፥ ስማቸውን ሰምቶት የማያውቅ ሻጮች ሁሉም ‹ተስማሚ› እያሉ ከሚያቀርቡለት ብዛት ውስጥ፥ ፊታቸውን የማያያቸው ሰዎች በሰጡት አስተያየት ተመርቶ ይመርጣል፤ አብዛኛው ወገናችንም ይህ ሲያደክመው ‹ኦርጅናሉን ልግዛና ልገላገል› ይላል። መገላገሉ ግን ዋጋ አለው። ለምሳሌ ያህል በአሜሪካ የተለመደውን ኤች ፒ 67 የተባለውን ጥቁር ካርትሪጅ ብንወስድ፥ ሠሪው ራሱ የሚሰጠው ግምት 120 ገጽ ያህል ነው፤ ይህም ግምት በመስመር በመስመር በተጨናነቀ ገጽ ላይ ሳይሆን ለመለኪያ ተብለው በተዘጋጁ፥ ብዙ ነጭ ስፍራ ባላቸው ገጾች ላይ የተመሠረተ ነው። የሰባቱን ዕለታት ውዳሴ ማርያም ለአንድ ክፍል ልጆች ማባዛት የፈለገ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አንዱን ካርትሪጅ በአንድ ምሽት ይፈጽመዋል።

ሠሪዎቹ መሣሪያውን በርካሽ ሸጠው ትርፋቸውን ከቀለሙ እንደሚያገኙ ማንም ያውቃል፤ በራሱም ኃጢአት አልለውም። ፍትሕን የሚነካው፥ የተሸጠው መሣሪያ በገዢው ቤት ውስጥ ሆኖ ለሻጩ ዘበኛ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ ነው። በካርትሪጁ ላይ የምትለጠፈው ትንሽ ቺፕ የቀለሙን መጠን ለመቁጠር ብቻ አታገለግልም፤ የማን ካርትሪጅ እንደ ሆነም ትናገራለች፥ መሣሪያውም ያልወደደውን አልቀበልም ሊል ይችላል። በሴፕቴምበር 2016 እ.ኤ.አ. የኤች ፒ ኦፊስጄት ማሽኖች፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለ ችግር ሲሠሩባቸው የነበሩትን የሌላ ሠሪ ካርትሪጆች በድንገት አንቀበልም አሉ፤ ኩባንያውም ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ነገሩን በሚገባ ባለማስታወቁ ይቅርታ ጠይቆ፥ ይህ ከልካይ የሌለበትን የማሽን ፕሮግራም ለሚሹ ለማቅረብ ተገደደ። የኢጣልያ የውድድር ባለ ሥልጣንም በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. ገዢዎች ስለዚህ ክልከላ በቂ ማስታወቂያ አልተሰጣቸውም በማለት በዚሁ ኩባንያ ላይ የ10 ሚሊዮን ዩሮ መቀጮ ጣለ።

ቺፕዋ ለቀለሙ ጥራት የግድ አስፈላጊ ናት የሚለው ክርክር ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ የገለጠው ግን ከሁሉ ይልቅ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የቺፕ እጥረት በርትቶ ስለ ነበር፥ ካኖን ለአንዳንድ የቢሮ ማሽኖቹ ቺፕ የሌላቸውን የራሱን ቶነሮች፥ ማለትም የሌዘር ማሽን የዱቄት ቀለም መያዣዎች፥ ለመሸጥ ተገደደ፤ ማሽኖቹም የሠሪያቸውን ዕቃ እንደ ባዕድ ቆጥረው ማስጠንቀቂያ ማውጣት ስለ ጀመሩ፥ ኩባንያው በጀርመን ያሉ ደንበኞቹ ማስጠንቀቂያውን እንዴት እንደሚያልፉት ራሱ አስተማረ። ሕትመቱ በዚህ ምክንያት አልተበላሸም፤ የቀረው የቶነሩን መጠን ማወቅ ብቻ ነበር።

የአሜሪካ ሕግ በዚህ ረገድ ለገዢው ያዘነ ነው። ሌክስማርክ የተባለው ኩባንያ ባዶ የቶነር ካርትሪጆቹን ሰብስቦ ሞልቶ በሚሸጥ ኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ በተባለ ድርጅት ላይ በፓተንት መብት ባቀረበው ክስ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 30 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ፈርዶ፥ ባለ ፓተንቱ ዕቃውን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ በዚያ ዕቃ ላይ ያለው የፓተንት መብት እንደሚያበቃ፥ ሽያጩም በውጭ አገር ቢሆን እንኳ ያው እንደ ሆነ ወሰነ፤ ፍርዱን የጻፉት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ናቸው። ከዚያም አስቀድሞ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ማግነሰን ሞስ የተባለው የዋስትና ሕግ፥ ሠሪው ‹የእኔን ቀለም ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ፈርሷል› እንዳይል በመሠረቱ ይከለክላል፤ የሌላው ቀለም ራሱ ጉዳት ማድረሱ ከታወቀ ግን ያን ጉዳት እንዲጠግን ሠሪው አይገደድም። በዚህ ነገር የእኔ አሳብ የተቆረጠ ነው፤ ዋጋውን ከፍሎ የገዛ ሰው የመሣሪያው ጌታ ነውና የሚያጠጣውንም ቀለም የመምረጥ ሥልጣን የእርሱ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ግን የሚመርጠውን ነገር ጠባይ ማወቅ ይገባዋል፤ በአገር ቤት ይህን ዕውቀት የሚሸከምለት ቀለም ሞይ ነበረው፥ እዚህ ግን ራሱ ሊሸከመው ግድ ነው።

አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፥ ቀለም የሚረጨው ራስ፥ ማለትም ‹ሄድ› ያልነው ክፍል፥ የት እንዳለ ነው። በአነስተኛ የኤች ፒና በአንዳንድ የካኖን ማሽኖች ራሱ ከካርትሪጁ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ ካርትሪጁ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል፤ በኤፕሰንና በብራዘር ማሽኖች ግን ራሱ ከማሽኑ ጋር የሚኖር ሲሆን ካርትሪጁ የቀለም መያዣ ብቻ ነው። በፊተኛው ዓይነት፥ ሌላ ሰው የሚሸጠው ካርትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ የሠሪው አሮጌ ካርትሪጅ ታድሶ የተሞላው ነው፤ ክፉ ቀለም ቢገጥመው የሚጠፋው ያው ካርትሪጅ ብቻ ስለ ሆነ በድፍረት መሞከር ይቻላል። የኤች ፒ ማሽን ያለው ሰውም የሠሪውን የቀድሞ ቺፕ እንደያዘ የተጻፈበትን የታደሰ ካርትሪጅ ቢመርጥ፥ ኩባንያው ራሱ እንዲህ ያለውን እንደማይከለክል ስለሚናገር፥ ከድንገተኛ እምቢታ ይድናል። በሁለተኛው ዓይነት ግን የተደፈነው ራስ ማለት የሞተ ማሽን ማለት ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት፤ የሻጩ አድራሻ የታወቀ፥ ዕቃውን መመለስ የሚፈቅድ፥ ቀለሙም ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ በግልጥ የሚናገር መሆኑን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

የቀለሙን ወገን አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። በብዙ የቤት ማሽኖች ሠሪው ለጥቁሩ ባለ ዱቄቱን፥ ለሌሎቹ ግን የሚሟሟውን ቀለም ይሰጣል፤ አንዳንድ ርካሽ ተስማሚ ካርትሪጆች ግን ጥቁሩንም በሚሟሟው ይተኩታል። በማያ ገጹ ላይ ልዩነቱ አይታይም። በወረቀት ላይ ግን የሚሟሟው ጥቁር ወደ ወረቀቱ ጭረት እየሰረገ ስለሚሰፋ፥ የሐመሩ ሐ እና የሀሌታው ሀ በአነስተኛ ፊደል ሲታተሙ ቅርጻቸው ይደበዝዛል፥ የካዕቡና የሣልሱ ቅጥያም ከግንዱ ጋር ይጣበቃል፤ ፊደል ገና በመቁጠር ላይ ላለ፥ በቤቱም እንግሊዝኛ ለሚሰማ ልጅ ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም። ጠበል የነካው እጅ ወይም የዝናብ ጠብታ ያረፈበት የመዝሙር ወረቀትም መስመሩ ሁሉ ወደ ሐምራዊ ጭጋግ ይለወጣል። ባለ ዱቄቱ ጥቁር ግን በወረቀቱ ፊት ላይ ይቀመጣል፥ ከደረቀም በኋላ ውኃም ብርሃንም በቀላሉ አይደፍሩትም።

ይህ ባለ ዱቄት ጥቁር ከምን እንደሚሠራ ባወቅሁ ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ፤ የላመ ካርቦን ነውና። የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ለዘመናት ሲያዘጋጁት የኖሩት ጥቁር ቀለምም ከጥቀርሻ፥ ከተቆላና ከተፈጨ እህል፥ ከግራር ሙጫ ጋር ተደባልቆ፥ ለብዙ ጊዜ እየተማሰለ እንዲበስል የሚተው፥ ከዚያም በቀንድ ተቀምጦ በብርዕ የሚጠቀስ ያው የካርቦን ቀለም ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት ጥንታውያን ወንጌላት፥ በራዲዮ ካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተዘጋጁ የታወቁት፥ ዛሬም ይነበባሉ። ለዚህም ነው በቤታችን ልናኖረው የምንፈልገውን ጽሑፍ፥ የክርስትና ምስክር ወረቀት ቅጂ ቢሆን፥ የአባቶች ደብዳቤ ወይም የሟች የሕይወት ታሪክ ቢሆን፥ በሚሟሟ ርካሽ ጥቁር እንዳናትም አጥብቄ የምመክረው፤ ለትምህርት ቤት መልመጃና ለገበያ ዝርዝር ግን ማንኛውም የታደሰ ካርትሪጅ ይበቃል።

የቀዩ ቀለም ነገር ደግሞ የበለጠ ምርመራ ይሻል። በብራና መጻሕፍታችን ሥርዓት የእመቤታችን ስም፥ የቅዱሳን ስም፥ የምንባብም መነሻ በቀይ ይጻፋል፤ በአዲስ አበባ የታተሙ ብዙ የጸሎት መጻሕፍትም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቀዋል፥ በባሕር ማዶም የምናባዛው የቅዳሴ ወረቀት ይህንኑ ሊጠብቅ ይገባዋል። የቤት ማሽን ግን ቀይ ቀለም የለውም። ቀዩን የሚፈጥረው ማጀንታ የተባለውን ሐምራዊ ቀይና ቢጫውን ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ በማሳረፍ ስለ ሆነ፥ የሁለቱ መጠን ጥቂት ቢዛባ የእመቤታችን ስም ወይ ወደ ብርቱካን ወይ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ሁለቱ ነጠብጣቦች በትክክል ካልተገጣጠሙም በፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥላ ይታያል። ሦስቱ ቀለሞች በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ በሚኖሩበት ማሽን ደግሞ፥ በብዛት ቀይ የሚያትም ሰው ማጀንታውና ቢጫው ቶሎ ስለሚያልቁበት፥ ሳያን የተባለው ሰማያዊ ገና ሳይነካ ካርትሪጁን ለመጣል ይገደዳል። ስለዚህ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ፕሪንተር የሚገዛ ሰው እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚለወጥበትን ይምረጥ። የሌላ ሠሪ ቀለም ሲገዛም ሁሉንም ከአንድ ሠሪ ይግዛ፤ የአንዱን ማጀንታ ከሌላው ቢጫ ጋር ማጋባት የቀዩን መልክ ያጠፋዋልና። ከመቶ ቅጂ አስቀድሞም አንዲት ገጽ አትሞ በቀን ብርሃን ይያት፥ የኤሌክትሪክ መብራት የቀይን ጉድለት ሊሸፍን ይችላልና።

ከሁለቱ ልማዶች የትኛው እንደሚበልጥ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በተግባር የመሰከሩትን አመለክተዋለሁ። በእስያና በሌሎችም ታዳጊ አገሮች የነበሩ ባለሙያዎች ከካርትሪጅ ዋጋ ለመዳን ሲሉ፥ የቀለም ጠርሙሶችን ከማሽኑ ጎን አቁመው በቀጫጭን ቱቦ እያገናኙ መሥራትን ለመዱ፤ ኤፕሰንም በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አሠራር በፋብሪካ ተክሎ፥ በጠርሙስ የሚሞላ ጋን ያለውን ማሽን በመጀመሪያ በኢንዶኔዥያ ገበያ አወጣ። ያ ማሽን ለአሜሪካ ገዢ የቀረበው ግን በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካኖንና ኤች ፒም የየራሳቸውን ባለ ጋን ማሽን አውጥተዋል። በመነሻው ዋጋው ከፍ ይላል፥ ቀለሙ ግን በሺህ የሚቆጠር ገጽ ስለሚያትም ብዙ ለሚያባዛ ሰው ልዩነቱን ፈጥኖ ይመልሳል። ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችንና ለዕድሮቻችን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። በወር አንድ ገጽ ብቻ ለሚያትም ቤተሰብ ግን ይህም አይስማማውም፤ የማይሠራበት ቀለም ይደርቃልና፥ በተለይም ክረምት ገብቶ ቤቱ በማሞቂያ በሚደርቅበት ወራት፥ በየሳምንቱ ባለ ቀለም የሆነች አንዲት ገጽ ማተም ቀለም የሚረጨውን ራስ ከመደፈን ይጠብቀዋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ይኸውም ከዚህ አገር ፕሪንተር ገዝቶ በአገር ቤት ላለ ዘመድ ይዞ የመሄድ ነገር ነው። አሳቡ የፍቅር ነው፥ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። በአሜሪካ የተሸጠ ማሽን በአሜሪካ ክልል የተሸጠ ካርትሪጅ ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ሊሠራ ስለሚችል፥ በአዲስ አበባ የተገዛው ካርትሪጅ፥ ኦርጅናል ቢሆን እንኳ፥ ላይሠራበት ይችላል። የኤሌክትሪኩም ኃይል እዚህ 120 ቮልት ሲሆን በአገር ቤት 220 ነው፤ ብዙዎቹ የቀለም ፕሪንተሮች ሁለቱንም ይችላሉ፥ ብዙ የሌዘር ማሽኖች ግን አይችሉም፥ ስለዚህ በጀርባው የተጻፈውን ሳያነቡ ሻንጣ መዝጋት አይገባም። እኔ የምመርጠው ገንዘቡን ልኮ በዚያው እንዲገዛ ማድረግን ነው። ገዢውም ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የማሽኑን ስም በወረቀት ጽፎ ለሰፈሩ ቀለም ሞይ ያሳየው፥ ‹የዚህን ቀለም ታገኝልኛለህ? ሲደፈንስ ታጥብልኛለህ?› ብሎም ይጠይቀው፤ ሰውዬው አዎን ያለውን ማሽን ይግዛ።